አንስለምና የማይከፈተው ዘንቢል

አንስለም ሻርክ ሲያይ መጀመሪያ ጀርባውን ይዳብሳል። ሜትሩን ከኪሱ ሳያወጣ፣ ክንፉ ከገላው ጋር መኖሩን ሳያይ፣ እጁን ከራሱ እስከ ጅራቱ ቀስ አድርጎ ያስኬደዋል፤ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚነካ ሰው። ይሄን አመሉን የኔጎምቦ ዓሣ አጥማጆች ወደብ ሰው ሁሉ ያውቅለታል። ስለዚህ ሻርክ የያዘ ጀልባ ሲገባ ጫኝና አውራጁ ከሩቅ ይጮህበታል።

«አንስለም፣ አማቾችህ መጡ!»

«ሽርጥህን አስተካክል እንጂ! አማት ፊት እንዲህ ሆኖ ይቀረባል?»

እሱ አንገቱን ደፍቶ ፈገግ ይላል። ስንት ዓመት እዚያው ቆሞ፣ ፀጉሩ እዚያው ሸብቶ፣ አሁንም ሲቀለድበት እንደ አዲስ ሙሽራ ያፍራል።

ሥራው ግን ለዓይን አፋር የሚሆን አልነበረም። የወደብ ተቆጣጣሪ ነው። ባህር ላይ የሰነበተ ጀልባ ሲመለስ የበረዶ ጎተራው ውስጥ ወርዶ፣ በረዶውን በእጁ ገፍቶ፣ ከስር ምን እንደተኛ ማየት አለበት። ሻርክ ክንፉ ተቆርጦ ለብቻው ከመጣ ይያዛል። ባለጅራፉ ሻርክ ደግሞ ከነጭራሹ ወደብ አይገባም። ባለጅራፉ የምንለው ጅራቱ የገላውን ያህል የሚረዝመውን ነው፣ በጅራቱ ዓሣ እየገረፈ የሚበላውን። እሱ መንጠቆ ላይ ከተገኘ፣ በሕይወት ካለ ይለቀቃል፣ ሞቶም ከሆነ ወደ ባህር ይመለሳል። ሕጉ ይኸው ነው። ለምን ብሎ ለጠየቀው ሁሉ አንስለም ባንድ ዓይነት ነው የሚመልሰው።

«ሌላው ዓሣ እንቁላሉን እንደ አሸዋ ይበትነዋል። እሷ ግን ሁለት ነው የምትወልደው» ይልና ሁለት ጣቱን ያወጣል። «ሁለት ብቻ። ያውም ስንት ዓመት ቆይታ። እንደኛ ናት እኮ።»

ሰው ሲቀጣም አይጮህም። ቅጣቱን ይነግረውና ራሱ ይከፋዋል። ፊቱ ስለሚጠቁር የተቀጣው ሰውዬ ነው ሻይ ቤት ወስዶ ዳቦና ሻይ የሚያዝለት። ፖሊካርፕ የሚባሉ ሽማግሌ የጀልባ አለቃ አሉ፣ እሳቸው ናቸው እንዲህ ያሉት፦

«ሌላው ተቆጣጣሪ ሲቀጣህ ትሰድበዋለህ። አንስለም ሲቀጣህ ግን አንተው ቁጭ ብለህ ታጽናናዋለህ። ከዚህ የባሰ ቅጣት አለ?»

አንድ የማይነካው ነገር ነበረ። የወጥ ዘንቢል።

በኛ ጠረፍ ከጉዞ የተመለሰ ዓሣ አጥማጅ ከጀልባው ሲወርድ ዘንቢል ያንጠለጥላል። ውስጡ ለቤቱ ወጥ የሚሆን ዓሣ አለ። ሚዛን ላይ አይወጣም፣ ነጋዴ አያየውም፣ ባለጀልባውም ምን ወሰድክ ብሎ አይጠይቅም። የሰው ዘንቢል ከፍቶ ማየት የሰው ጓዳ ገብቶ ድስት እንደ መክፈት ነው።

አንስለም ደግሞ ከማንም በላይ ያፍርበት ነበር። ገና ልጅ እያለ ነው አባቱ ባህር ላይ የቀረው። ከዚያ በኋላ እናቱ ባዶ ዘንቢል ይዛ ወደቡ ላይ ትቆም ነበር። አትለምንም፤ ዝም ብላ ባህሩን ታያለች። ከጀልባ የሚወርዱት ወንዶች በአጠገቧ ሲያልፉ ፊታቸውን ወዲያ አዙረው ከየዘንቢላቸው አንዳንድ ዓሣ ይጥሉላታል። እነሱ አላዩዋትም፣ እሷም አላየቻቸውም። አንስለም ያደገው በዚያ ዓሣ ነው። ስለዚህ ተቆጣጣሪ ከሆነ ወዲህ ጎተራውን እስከ ታች ይፈትሽና፣ ዘንቢሎቹ በፊቱ ማለፍ ሲጀምሩ ቀና ብሎ ደመና ያያል።

አንድ ልጅ አለችው፣ ኢኖካ። የበኩር ልጇን ለመውለድ እንደ ወጉ እናቷ ቤት መጣች። ሴት ልጅ ወለደች፣ ጥሩ ሳንባ ያላት፤ ስታለቅስ መንገድ ላይ ሰው ቆም ይላል። የምታለቅሰውም ስለራባት ነው። የኢኖካ ወተት አልወርድ አለ።

እኛ ጋ አራስ ወተቷ ሲያንስ ትንሽ ሻርክ በኮኮናት ወተትና በሽፈራው ቅጠል ተሠርቶ ይሰጣታል። ትልቁ ሻርክ አይሆንም፣ ሥጋው ይጠነክራል። ትንሹ ነው። አንስለም ገበያ ወረደ፣ ነፋስ ስለነበር ትናንሾቹ ጀልባዎች አልወጡም፣ ትንሽ ሻርክ የለም። በማግስቱም የለም። ከጀልባ ላይ እንዳይጠይቅ፣ ከሚፈትሸው ጀልባ አንዲት ሽሪምፕ እንኳ ወስዶ አያውቅም።

«ለማን ልንገረው?» አለች ሚስቱ ቢያትሪስ፣ የሽፈራውን ቅጠል ከእንጨቱ እየለቀመች። «የሻርክ ሹም ቤት ሻርክ ጠፋ ብል ማን ያምነኛል? አንተ ቀኑን ሙሉ ስትዳብስ ትውላለህ፣ ልጄ ግን ጡቷ ደርቋል!»

«ነፋሱ እስኪበርድ ነው» አለ አንስለም።

«ስለ ነፋሱ ለሕፃኗ ንገራት። ተወው፣ ወንድሜ ሰሞኑን ይገባል። ክሊተስ አያሳፍረኝም።»

ክሊተስ የቢያትሪስ ታናሽ ወንድም ነው፣ የጀልባ አለቃ። ሳቁ ከሞተሩ ቀድሞ ወደብ ይደርሳል ይሉታል። ኢኖካን በትከሻው ተሸክሞ ያሳደጋት እሱ ነው፤ ሚስት ስላላገባ ልጁ እሷ ናት። የሕፃኗ የክርስትና አባት እንዲሆን የተመረጠውም ገና ሳትወለድ ነው። ለዚያ ቀን ብሎ ነጭ ሸሚዝ አሰፍቶ፣ ሸሚዙን ለሰው ሁሉ ሲያሳይ ነበር የከረመው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የክሊተስ ጀልባ ገባ።

አንስለም እንደ ወትሮው ጎተራው ውስጥ ወረደ። ቱና አለ፣ ሰማያዊ ሻርክ አለ፣ ክንፎቻቸው በየቦታቸው ናቸው። ዳበሳቸው፣ ለካቸው። ባለጅራፍ የለም። ከጎተራው ሲወጣ እጁ በበረዶው ደንዝዞ ነበር።

«ንጹሕ ነህ» አለው።

«መቼ ቆሽሼ አውቃለሁ ጋሼ?» አለ ክሊተስ። በብብቱ ስር ያበጠ ዘንቢል አቅፏል፣ ውኃ ያንጠባጥባል። «ይሄኛው የኢኖካ ነው፤ ዓይንህን ሰብስብ! ዛሬ ማታ ልጅቷ ወተት ይፈሳታል። ደመናህን እይ፣ ደመናህን!»

መርከበኞቹ ሳቁ። አንስለምም ሳቀና ደመናውን አየ።

ከሰዓት በኋላ ቤቱ ሲደርስ የኮኮናቱ ሽታ ከበር ተቀበለው። ክሊተስ ሳሎን ውስጥ ሕፃኗን በተንጠለጠለ የጨርቅ አልጋዋ እያወዛወዘ ያንጎራጉራል። ቢያትሪስ ጓሮ፣ ሳፋ ፊት ቁጭ ብላ ሎሚ ትጨምቃለች። አንስለም እጁን ሊታጠብ ወደ ጓሮ ወጣና ሳፋውን አየ።

ትንሽ ሻርክ ናት። ገና ያልተወለደች። ገላዋ ለስላሳ ነው፣ ዓይኗ ትልቅ፣ ክብ። ጅራቷ የገላዋን ያህል ስለሚረዝም ሳፋው ውስጥ አልበቃ ብሎ ዞሮ ራሷ ጋ ደርሷል።

አንስለም እጁን ዘረጋና ጀርባዋን ዳበሳት። ቢያትሪስ ቢላዋውን አነሳች።

«አትቁረጫት» አለ።

«ምን ሆንክ?»

«ክሊተስ! ና እስቲ።»

ክሊተስ እየሳቀ መጣ፣ የአንስለምን ፊት ሲያይ ሳቁን ቀነሰ። «ጋሼ፣ እንደሱ አይደለም። ስማኝ። እናቲቱ መንጠቆ ላይ ነበረች። በሕይወት አለች። አንተ እንዳልከው ገመዱን በገዛ እጄ ቆርጬ ለቀቅኳት፤ ቢያንስ ሁለት ሰው ምስክር አለኝ። ግን ስንጎትታት ደንግጣ ነው መሰለኝ ልጆቿን ጀልባው ላይ ጣለቻቸው። አንደኛዋ ተንቀሳቀሰች፣ ወደ ባህር ሰደድኳት። ይቺ ግን ሞታለች። መንጠቆ የያዘው እናቷን ነው፣ እሷን መንጠቆ አልነካትም። አልተጠመደችም እኮ! እኔ አላጠመድኳትም!»

«ሞቶም ከሆነ ይመለሳል ነው የሚለው።»

«የሞተ ሕፃን ባህር ምን ያደርግለታል? እዚህ የራባት ሕፃን አለች!»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያስ?»

አንስለም እጁን ከሳፋው አላነሳም ነበር። «የሞተው በዘንቢል ይግባ ካልን፣ ነገ ሁሉም ሞቶ ነው የሚመጣው» አለ ቀስ ብሎ። «ሪፖርት አደርጋለሁ ክሊተስ።»

ቢያትሪስ ቢላዋዋን ጣለችው። «ማንን? የማንን ወንድም? ለልጅህ ብሎ ባመጣው? አንተ ሰውዬ፣ ሪፖርትህ ላይ የት ተገኘ ልትል ነው፣ ሚስቴ ድስት ውስጥ?»

«ሚስቴ ሳፋ ውስጥ» አለ አንስለም። የእውነቱን ነው የመለሰው።

«ጀልባው ይታሰራል እኮ!» አለ ክሊተስ። «ወቅቱ አሁን ነው። ልጆቹ፣ መርከበኞቹ ምን ይሁኑ? ጋሼ፣ ዘንቢል ነው እኮ! የወጥ ዘንቢል! አንተ በዘንቢል ያደግክ ሰው!»

ይሄኛው ገባበት። ሕፃኗ ሳሎን ውስጥ ጩኸቷን ለቀቀችው። ኢኖካ ከመጋረጃው ኋላ ሆና ከሷ በላይ ጮኸች፦

«ሽፈራውን በባዶው ሥሩልኝና ከዚያ ተጣሉ! እኔ እሷን አልበላም፤ እንደኔው ልጅ ናት። ግን ራበኝ!»

ክሊተስ ሽርጡን አጥብቆ አሰረ። ደጁ ላይ ሲደርስ ዞር አለ። «የክርስትና አባት ሌላ ፈልግ» አለ። «ሜትርህን አቁመው፣ እሱ ያንሳት።»

በማግስቱ ጠዋት አንስለም ያቺን ትንሽ ሻርክ በክሊተስ ዘንቢል ውስጥ መልሶ፣ ብስክሌቱ ላይ አንጠልጥሎ ወደብ ሄደ። ሌሊቱን ከበረዶ ጋር ነበር ያሳደራት። ለአለቃው ቀድሞ ስልክ ደውሎ ነግሮታል፣ የት እንደተገኘችም ጭምር። አለቃው ሰማውና «መቅበር አልቻልክም ነበር?» አለው። አንስለም «አልቻልኩም» አለ።

ጀልባዎች እያራገፉ ነበር። ሰው ሁሉ ወሬውን ሰምቷል፤ እኛ ጋ ወሬ ከቱና ይፈጥናል። «አማቾችህ» የሚል ሰው የለም። አንስለም መሀል ገባና ዘንቢሉን መሬት ላይ አስቀምጦ ከፈተው። ብዙ ሰው ፊት ተናግሮ አያውቅም።

«ይሄ የኔ ቤት ዘንቢል ነው» አለ። «ባለጅራፍ ናት። ለልጄ ነው የመጣችው። ቀጥቻለሁ። እኔ ቤት ተገኘች ተብሎም ተጽፏል። ከዛሬ ጀምሮ... ከዛሬ ጀምሮ ዘንቢል አያለሁ። የሁሉንም። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

አንዱ፣ ወጣት ነው፣ ፊቱ ተለዋወጠና የራሱን ዘንቢል እንዳለ ባህር ውስጥ ወረወረው። «በል ግባና እየው!» ብሎ ሄደ። ምን እንደነበረበት አንስለም እስከ ዛሬ አያውቅም።

ሌሎቹ ባሉበት ቆሙ። ለመሄድም ለመቆምም የሚፈሩ ይመስላሉ። ያኔ ነው ሽማግሌው ፖሊካርፕ ከጀልባቸው እያነከሱ የወረዱት። አንስለም ፊት መጥተው ዘንቢላቸውን ከፈቱ።

«እይ» አሉ። «ሁለት ቱና ነው፣ አንዱ ደግሞ ቀጭን። ሚስቴ ይሄን ስታይ የምትለኝን አንተም ሰምተህ ታዝናለህ።»

አንስለም ጎንበስ ብሎ አየ። ቀና ሲል ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር።

«ለእናትህ ዓሣ ስጥል ፊቴን አዞር የነበረው እንዳታፍር ብዬ ነው አንስለም። የምደብቀው ኖሮ አይደለም። ይሄን ያህል ዓመት ደመና ያየኸው በኛ ምክንያት ከሆነ፣ ተሳስተሃል ልጄ።»

ከሳቸው ቀጥሎ ሌላው ከፈተ። ቀጥሎ ሌላው። አንዳንዱ ሲከፍት ይሳደባል፣ አንስለምን አይደለም፣ የዓሣውን ማነስ፣ ነፋሱን። ግን ከፈቱ።

የክሊተስ ጀልባ ታሰረ። ወቅቱ እያማረ፣ የሌሎቹ ጀልባ ሞልቶ እየገባ፣ የሱ ሞተሩን አጥፍቶ ግድግዳው ስር ይወዛወዛል። ክሊተስ የአንስለምን ቤት ዳግመኛ አልረገጠም። ቢያትሪስ ምሳ ስታቀርብ ሩዙን ለባሏ ትንሽ ጠበቅ አድርጋ ታስቀምጥለታለች፣ ሳህኑ ጠረጴዛው ላይ ኳ ይላል፤ ለወንድሟና ለመርከበኞቹ ደግሞ በየቀኑ ድስት ትልካለች። አንስለም ድስቱን ብስክሌቱ ላይ ጭኖ ራሱ ነው የሚያደርሰው። በሩ ላይ ያስቀምጣል፣ ያንኳኳል፣ ይሄዳል። ማታ ባዶው ድስት ታጥቦ እዚያው ይቆየዋል።

ወደቡም እንደ በፊቱ አልሆነለትም። ሻርክ ሲገባ ማንም አይጮህም። ይዳብሳል፣ ይለካል፣ ዘንቢል ያያል። ሰው አልጠላውም፣ ሻይ ሲጠጣም አጠገቡ ይቀመጣሉ። ግን ቀልዱ ጠፋ። ይሄን ያህል ዓመት ሲሸሸው የነበረውን ቀልድ ጆሮው ጠበቀ። አንድ ቀን አንድ ትልቅ ሰማያዊ ሻርክ ሲወርድ፣ ለራሱ በሹክሹክታ «አማቼ መጣ» ብሎ ሞከረው። አላሳቀውም።

የኢኖካ ወተት ግን ወረደ። ነፋሱ ሲበርድ የፖሊካርፕ ሚስት ከገበያ ትንሽ ሻርክ አግኝተው አመጡላት። ሽፈራውም ይሁን ሻርኩ፣ ወይ እንዲሁ ጊዜው ደርሶ፣ ሕፃኗ ጠግባ መተኛት ጀመረች። ቤቱ ጸጥ ሲል የክሊተስ አለመኖር የባሰ ተሰማ።

የክርስትናው እሁድ ደረሰ። የጀልባው ቅጣት ያለቀው በዚያው ሳምንት ነው፣ ክሊተስም ወዲያው ለአጭር ጉዞ ወጥቷል ተባለ። አንስለም ሌላ የክርስትና አባት አልፈለገም። ቢያትሪስ ስትጨቀጭቀው «ይመጣል» ይላል። እሷ ናት ለማንኛውም ብላ ፖሊካርፕን የለመነቻቸው። ሽማግሌው የድሮ ኮታቸውን ለብሰው፣ ቁልፉ አልገጥም ብሎ፣ እስትንፋሳቸውን ይዘው ቤተክርስቲያኑ ውስጥ ቆሙ።

ቄሱ አባ ወደ ውኃው ቀረቡ። «የክርስትና አባቷ ማን ነው?»

ፖሊካርፕ አንስለምን አዩት። አንስለም በሩን አየ።

«ትንሽ እንቆይ አባ» አለ።

«ሌላ አራት ሕፃን ተሰልፏል አንስለም።»

«ትንሽ ብቻ።»

ሰው ማጉረምረም ጀመረ። ኢኖካ እንባዋን በሕፃኗ ልብስ ጠረገች። አባ ተስፋ ቆርጠው ወደ ፖሊካርፕ ሲዞሩ ከበሩ በኩል የጫማ ድምፅ ተሰማ። ክሊተስ ነው። ያ ነጭ ሸሚዝ በላዩ ላይ አለ፣ ከታች ግን ሽርጡ ገና እርጥብ ነው፤ ከጀልባው በቀጥታ ነው የመጣው። በእጁ ዘንቢል ይዟል። ዘንቢሉን በሁለት እጁ አፉን ከፍቶ፣ ልክ የምጽዋት ሳህን እንደያዘ ሰው፣ ከበሩ ጀምሮ በመሀሉ መተላለፊያ ለግራውም ለቀኙም እያሳየ መጣ። አንስለም ፊት ሲደርስ ቆመ። አልሳቀም።

«ፈትሽ» አለ።

ቢያትሪስ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሌላ ሰው ቢሆን ያቅፈው ነበር፣ ተወው ወንድሜ ይለው ነበር። አንስለም ግን በእጁ የያዘውን የክርስትና ሻማ ለፖሊካርፕ ሰጠና ጎንበስ ብሎ ዘንቢሉ ውስጥ አየ። የእውነቱን ነው ያየው። ዓሣውን የሸፈነውን የሙዝ ቅጠል ገለጠ፣ ከስሩ ያለውንም አየ። ትንሽ ሻርክ ናት፣ ለአራስ የምትሆን፣ የተፈቀደችው ዓይነት፣ ክንፎቿ ሁሉ በየቦታቸው። ጅራቷ አጭር ነው። እጁን አስገባና ጀርባዋን ከራሷ እስከ ጅራቷ ዳበሳት።

«ንጹሕ ነህ» አለው።

«መቼ ቆሽሼ...» ብሎ ጀመረና ክሊተስ ተወው። ከንፈሩን ነከሰ። «አንዴ» አለ።

ከኋላ፣ ከመርከበኞቹ ወንበር፣ አንዱ ሊይዘው ያልቻለው ድምፅ ቤተክርስቲያኑን ሞላው፦

«አንስለም፣ አማችህ መጣ!»

አባ ራሳቸው ሳቁ። ሕፃኗ ነቅታ ማልቀስ ጀመረች። አንስለም አሁንም እጁ ዘንቢሉ ውስጥ ነው፣ አንገቱን ደፍቶ እንደ ሙሽራ ያፍራል።

«በቃህ ጋሼ፣ ልቀቃት» አለ ክሊተስ፣ እጁን በነጭ ሸሚዙ ላይ እየጠረገ። «አሁን የኛዋን ስጡኝ።»